ቁጥሩ የማን ነው? በቤት ኮምፒውተር ላይ የዲስክ ስብስብን ስለ መለካትና ስለ ማወዳደር



የዚህ መድረክ አዘጋጆች ሲጋብዙኝ የላኩልኝ ጥያቄ አጭር ነበር። «ብዙዎቻችን ሁለትም አራትም ሃርድ ዲስክ ገዝተን በሬይድ እያያያዝን ነው፤ የትኛው አሠራር እንደሚፈጥን በገዛ ኮምፒውተራችን ላይ እንዴት እንለካ?» የሚል ነው። ጥያቄውን ወድጄዋለሁ። ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው «የትኛው ይሻላል?» ብሎ ነው። «እንዴት ልለካ?» የሚል ሰው መልሱን ከራሱ ማሽን ሊያገኝ የተዘጋጀ ሰው ነው፤ እንዲህ ላለ ሰው መናገር ደስ ይላል።

ዛሬ የምነግራችሁ ዋና ነገር አንድ ነው፤ ደጋግሜም እመለስበታለሁ። መለኪያ ሶፍትዌር ቁጥር ሲያወጣላችሁ፣ ከማመናችሁ በፊት «ይህ ቁጥር የማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የዲስኩ ነው? የራሙ ነው? የኬብሉ ነው? ባለቤቱ ያልታወቀ ቁጥር ከሌላ ቁጥር ጋር አይወዳደርም። መጀመሪያ ራሙን፣ ቀጥሎ መንገዱን፣ ከዚያ ዲስኮቹን ራሳቸውን እናያለን። ስለ ማወዳደር ከተነጋገርን በኋላ አንድ ዲስክ በሞተ ቀን ምን መለካት እንዳለብን አነሣለሁ።

ስለ ሬይድ ምንነት ብዙ አልቆይም። እ.ኤ.አ. በ1988 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የነበሩት ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ አንድ ጽሑፍ አሳተሙ። በዚያን ዘመን ትልልቅ ተቋማት ዳታቸውን የሚያስቀምጡት እንደ አይቢኤም 3380 ባሉ ግዙፍና ውድ ዲስኮች ላይ ነበር። ሦስቱ ሰዎች ለግል ኮምፒውተር የተሠሩ ትንንሽ ርካሽ ዲስኮችን በብዛት ብናሰልፍ ከግዙፉ ዲስክ የተሻለ ፍጥነት እናገኛለን አሉ። ዲስክ በበዛ ቁጥር የመበላሸቱም አጋጣሚ ስለሚበዛ፣ አንዱ ሲሞት ሌሎቹ ዳታውን የሚያተርፉባቸውን ዘዴዎች በየደረጃው ዘረዘሩ። ከዚያ ጽሑፍ እኔ ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው ጸሐፊዎቹ ፍጥነትን በአንድ ቁጥር አለመግለጻቸውን ነው። ትልቅ ንባብ፣ ትልቅ ጽሕፈት፣ ትንሽ ንባብ፣ ትንሽ ጽሕፈት እያሉ ለየብቻ አሰሉት። ዛሬ በየዲስኩ ማሸጊያ ላይ አንድ ደማቅ ቁጥር ብቻ ስናይ ያን ጥንቃቄ ማስታወስ ይገባናል።

ደረጃዎቹን በአጭሩ ላስታውሳችሁ። ሬይድ 0 ፋይሉን ቆራርጦ በሁሉም ዲስኮች ላይ ያከፋፍላል፤ አንዱ ከሞተ ሁሉም ይጠፋል። ሬይድ 1 አንዱን ዲስክ በሌላው ላይ ይገለብጣል። ሬይድ 10 ሁለቱን ያጣምራል። ሬይድ 5 ዳታውን ያከፋፍልና ፓሪቲ የሚባል ስሌት ይጨምርበታል፤ አንድ ዲስክ ቢሞት ከቀሩት ላይ አስልቶ ይመልሰዋል። ሬይድ 6 ሁለት ዲስክ ቢሞትም ይተርፋል። አራት ባለ 4 ቴራባይት ዲስክ ቢኖራችሁ፣ በሬይድ 0 ያላችሁ ቦታ 16፣ በሬይድ 5 ደግሞ 12፣ በሬይድ 6ም በሬይድ 10ም 8 ቴራባይት ነው። ይህን ለማወቅ መለኪያ አያስፈልግም። ፍጥነቱን ለማወቅ ግን ያስፈልጋል።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ነጥብ። የዲስክ ቁጥር ነው ብለን የምንይዘው ብዙ ጊዜ የራም ቁጥር ነው።

በጣም የተለመደ አለካክ ልንገራችሁ። ኮምፒውተሩ 16 ጊጋባይት ራም አለው። ባለቤቱ 2 ጊጋባይት ፋይል በአዲሱ ባለ አራት ዲስክ ሬይድ ላይ ይጽፋል፣ ሰዓት ይይዛል፣ ሁለት ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ያልቃል። «በሰከንድ ከ1 ጊጋባይት በላይ ይጽፋል» ብሎ ለጓደኞቹ ይነግራል። ዲስኮቹ ግን ተራ ሃርድ ዲስኮች ናቸው፤ አራቱም ተደምረው ያን ያህል አይጽፉም። የሆነው እንዲህ ነው። ሊኑክስም ሆነ ዊንዶውስ የምትጽፉትን መጀመሪያ ራም ላይ ይቀበላል፣ ተጽፏል ይላችኋል፣ ወደ ዲስኩ የሚያወርደው ከዚያ በኋላ ነው። ሊኑክስ በተለመደው አቀማመጡ፣ ገና ዲስክ ላይ ያላረፈ ዳታ ከነጻው ራም 20 በመቶ ያህሉን እስኪይዝ ድረስ የሚጽፈውን ፕሮግራም አያስቆምም። የሰውየው 2 ጊጋባይት ሙሉ በሙሉ እዚያ ውስጥ ይገባል። የለካው ራሙን ነው። ያንኑ ፋይል ወዲያው መልሶ ቢያነብም የሚነበበው ከራም ስለሆነ፣ የንባቡም ቁጥር የራሙ ነው።

መድኃኒቱ አይከብድም። ቀላሉ መንገድ የመሞከሪያው ፋይል ከራሙ እጥፍ እንዲበልጥ ማድረግ ነው፤ 16 ጊጋ ራም ላይ ከ32 ጊጋባይት የሚያንስ ፋይል አትጠቀሙ። ሌላው፣ መለኪያውን ራሙን ዘሎ በቀጥታ ከዲስኩ ጋር እንዲሠራ ማዘዝ ነው። የሊኑክስን የዲስክ ክፍል በኃላፊነት የሚመራው የንስ አክስቦ የጻፈው ፊዮ የተባለው መሣሪያ «ዳይሬክት» የሚል አማራጭ አለው። በዊንዶውስ ላይ የምታውቁት ክሪስታልዲስክማርክም በውስጡ የማይክሮሶፍትን ዲስክስፒድ ስለሚጠቀም ራሙን ይዘላል። በሊኑክስ ላይ ባለው ተራ የዲዲ ትእዛዝ የምትለኩ ከሆነ ደግሞ፣ ሁሉም ነገር ዲስኩ ላይ ማረፉን ጠብቆ ሰዓቱን እንዲያቆም የሚያደርገውን የኤፍሲንክ አማራጭ አትርሱ።

ስለ ዲዲ ካነሣሁ ሌላም ልጨምር። ብዙ ሰው በዲዲ ሲለካ የሚጽፈው ዜሮ ብቻ ነው። እንደ ዜድኤፍኤስና ቢቲአርኤፍኤስ ያሉ የፋይል ሥርዓቶች ዳታን ጨምቀው ማስቀመጥ ይችላሉ፤ ጭመቃው በርቶ ከሆነ ደግሞ በጊጋባይት የሚቆጠር ዜሮ ምንም ያህል ቦታ አይዝም። ዲስኩ ሥራ ሳይነካ ቁጥሩ ሰማይ ይነካል። የእናንተ ቪዲዮና ፎቶ አስቀድሞ የተጨመቀ ስለሆነ እንደገና አይጨመቅም። ስለዚህ መሞከሪያችሁ በዘፈቀደ የተሞላ ዳታ ይሁን።

ኤስኤስዲ የገዛችሁም ከዚህ ነፃ አይደላችሁም። ዛሬ በርካሽ የሚሸጡት ኤስኤስዲዎች በአንድ ሴል ሦስት ወይም አራት ቢት የሚያስቀምጡ ናቸው። እንዲህ ማስቀመጥ ቀርፋፋ በመሆኑ፣ ከማከማቻቸው የተወሰነውን ክፍል በአንድ ሴል አንድ ቢት ብቻ እያስቀመጡ እንደ ፈጣን መቀበያ ይጠቀሙበታል። መቀበያው እስኪሞላ ይሮጣሉ፤ ከሞላ በኋላ ፍጥነታቸው ይወድቃል፤ በአንዳንዶቹ ላይ ከሃርድ ዲስክ በታች ይወርዳል። ክሪስታልዲስክማርክ ሳትነኩት የሚሞክረው በ1 ጊጋባይት ፋይል ነው። 1 ጊጋባይት መቀበያውን አያስጨንቀውም። የሠርግ ቀን ቅጂ ግን ብዙ ጊዜ ከ100 ጊጋባይት ያልፋል። ሥራችሁ 100 ጊጋ መገልበጥ ከሆነ፣ 100 ጊጋ እየጻፋችሁ ፍጥነቱ በየሰከንዱ የሚሄድበትን መስመር ተከታተሉ። አማካዩን ብቻ አትዩ፤ የት ላይ እንደሚሰበር እዩ።

ሁለተኛው የቁጥር ባለቤት መንገዱ ነው። ይህን በስሌት እንየው።

የኬብልና የኔትወርክ ፍጥነት የሚነገረው በቢት ነው፤ ፋይል የምንለካው በባይት ነው። ዩኤስቢ 2 በሰከንድ 480 ሜጋቢት ሲባል 60 ሜጋባይት ማለት ነው፤ በተግባር ከዚያም በጣም ያነሰ ይደርሳችኋል። ሳታ 3 በሰከንድ 6 ጊጋቢት ይባላል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ባይት በመንገዱ ላይ 10 ቢት ሆኖ ስለሚጓዝ ከ600 ሜጋባይት አያልፍም። ዩኤስቢ 3 በዚሁ ስሌት 500 ሜጋባይት ነው። አንድ ጊጋቢት ኔትወርክ 125 ሜጋባይት ነው።

አሁን አራት ሃርድ ዲስክ በአንድ የዩኤስቢ 3 ሳጥን ውስጥ አስገቡ። እያንዳንዱ ዲስክ በሰከንድ 200 ሜጋባይት ይሰጣል እንበል፤ ድምሩ 800 ነው። በኬብሉ የሚያልፈው ከ500 ያነሰ ነው። እዚያ ሳጥን ላይ ሬይድ 0ን ከሬይድ 5 ጋር ብታወዳድሩ፣ በትልቅ ንባብ ሁለቱም አንድ ዓይነት ሊሆኑባችሁ ይችላሉ። «ሬይድ 5 ከሬይድ 0 እኩል ይፈጥናል» ብላችሁ ትደመድማላችሁ፤ ቁጥሩ ግን የኬብሉ ነበር። ያንኑ ሳጥን ከሌላ ክፍል በአንድ ጊጋቢት ኔትወርክ ስትከፍቱት ደግሞ በሰከንድ 110 ሜጋባይት ገደማ ላይ ይቆማል። እዚያ ላይ አንድ ደህና ዲስክም አራትም ልዩነት የላቸውም።

በማዘርቦርድ ላይ የሚሰኩት ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲዎችም ተመሳሳይ ጣጣ አለባቸው። ብዙ ማዘርቦርዶች ላይ አንዱ መሰኪያ በቀጥታ ከፕሮሰሰሩ ጋር ይገናኛል፣ ሌሎቹ በቺፕሴቱ በኩል ያልፋሉ። ቺፕሴቱ ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚገናኝበት መንገድ አራት የፒሲአይ ኤክስፕረስ 3 መስመር ያህል ከሆነ፣ በሰከንድ 3.9 ጊጋባይት ገደማ ነው ጣሪያው። እያንዳንዳቸው 3.5 ጊጋባይት የሚያነቡ ሁለት ኤስኤስዲዎች ከቺፕሴቱ በኩል በሬይድ 0 ብታያይዙ፣ 7 ጊጋባይት አትጠብቁ። የማዘርቦርዱን መመሪያ አውጥታችሁ የትኛው መሰኪያ ከምን ጋር እንደሚገናኝ አንብቡ።

መንገዱን የምታጋልጡበት አንድ ዘዴ አለ፤ እኔ ሬይድ ከመሥራቴ በፊት ሁልጊዜ የማደርገው ነው፣ እናንተም እንድትለምዱት እለምናችኋለሁ። ሬይዱን ሳትሠሩ፣ መጀመሪያ እያንዳንዱን ዲስክ ብቻውን በንባብ ለኩ፤ ጻፉት። ቀጥሎ ሁሉንም ዲስኮች በአንድ ጊዜ፣ ግን ለየብቻቸው፣ ለኩ። በአንድነት ሲለኩ የሚያወጡት ድምር ለየብቻ ካወጡት ድምር ጋር ከተቀራረበ መንገዱ ሰፊ ነው። ድምሩ ከወረደ፣ የወረደው መንገዱ ላይ ነው፤ የትኛውም የሬይድ ዓይነት ያንን አያድንም። በዚሁ ሙከራ ደካማውንም ዲስክ ታገኙታላችሁ። ሬይድ የሚሄደው በደካማው ዲስክ ፍጥነት ነውና፣ ከአራቱ አንዱ ከሌሎቹ ያነሰ ቁጥር ካሳየ ከመጀመሪያው ለዩት።

በዚህ ላይ የዲስኮቹን መንቀጥቀጥ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2008 በሰን ማይክሮሲስተምስ ይሠራ የነበረው ብሬንዳን ግሬግ በዲስክ ሳጥን ፊት ቆሞ ሲጮኽ የተቀረጸ ቪዲዮ አለ። በጮኸበት ቅጽበት የዲስኮቹ መዘግየት በመለኪያው ላይ ሽቅብ ሲወረወር ይታያል። የሰው ድምፅ ያን ያህል ካናወጣቸው፣ ርካሽ ኬዝ ውስጥ ብሎናቸው ሳይጠብቅ ተደርድረው እርስ በርስ የሚነዛነዙ ዲስኮች ምን እንደሚሆኑ ገምቱ። ከመለካታችሁ በፊት ብሎናቸውን አጥብቁ።

ራሙንና መንገዱን ካለፍን፣ አሁን ከዲስኮቹ ጋር ፊት ለፊት ነን። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም አብዛኛው የሬይድ ክርክር የሚነሣው ከዚህ ነው።

በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚዞር ሃርድ ዲስክ እንውሰድ። በሰከንድ 120 ጊዜ ይዞራል፤ አንዱ ዙር 8.3 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። የምትፈልጉት ዳታ ከማንበቢያው ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር ትጠብቃላችሁ፤ 4.2 ሚሊሰከንድ። የማንበቢያው ክንድ ወደ ቦታው እስኪደርስ 8.5 ሚሊሰከንድ ያህል ጨምሩ። በድምሩ ወደ 12.7 ይመጣል። አንድ ሰከንድ 1000 ሚሊሰከንድ ነው፤ ለ12.7 ስናካፍለው 79፣ በቀላሉ 80 እንበለው። ይህ ዲስክ በየቦታው የተበታተኑ ጥያቄዎችን በሰከንድ 80 ያህል ይመልሳል። እያንዳንዱ ጥያቄ 4 ኪሎባይት ቢሆን፣ በሰከንድ 320 ኪሎባይት ብቻ ነው። ያው ዲስክ አንድ ትልቅ ፋይል በተከታታይ ሲያነብ 200 ሜጋባይት ይሰጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ600 እጥፍ ይበልጣል። እንግዲህ የዚህ ዲስክ ፍጥነት ስንት ነው? ሁለቱም ነው። መልሱ የሚወሰነው በሥራችሁ ዓይነት ነው።

ይህን ወደ አራት ዲስኮች እንውሰደው። ለተበታተነ ትንሽ ጽሕፈት አራቱ ተደምረው በሰከንድ 320 እንቅስቃሴ ማድረግ ይችላሉ። ሬይድ 0 ሙሉውን 320 ይሰጣችኋል። ሬይድ 10 እያንዳንዱን ነገር ሁለቴ ስለሚጽፍ 160 ይሰጣል። ሬይድ 5 ግን አንዲት ትንሽ ቁራጭ ለመቀየር አሮጌውን ዳታ ያነባል፣ አሮጌውን ፓሪቲ ያነባል፣ አዲሱን ዳታ ይጽፋል፣ አዲሱን ፓሪቲ ይጽፋል፤ አራት እንቅስቃሴ ነው። 320 ለ4 ሲካፈል 80። ልብ በሉ፤ አራት ዲስክ ገዝታችሁ፣ በሬይድ 5 አያይዛችሁ፣ በትንሽ ጽሕፈት የምታገኙት የአንድ ዲስክ ፍጥነት ነው። ሬይድ 6 ስድስት እንቅስቃሴ ስለሚያደርግ 53 ብቻ ይሆናል፤ ከአንድ ዲስክ ያነሰ። በትልቅ ተከታታይ ጽሕፈት ደግሞ ያው ሬይድ 5 ሦስት ዲስክ ያህል ይሮጣል፤ 600 ሜጋባይት ገደማ። እንግዲህ «ሬይድ 5 ፈጣን ነው» የሚለውም «ሬይድ 5 ቀርፋፋ ነው» የሚለውም እውነት ይዟል። የተለያየ ነገር ለክተው ነው።

ወረፋም አለ። አራት መስኮት ያለው ባንክ ውስጥ አንድ ደንበኛ ብቻ ቢገባ፣ የመስኮቱ ብዛት ለእሱ ምንም አይጠቅመውም። ዲስክም እንዲሁ ነው። መለኪያችሁ አንድ ጥያቄ ልኮ፣ መልሱን ጠብቆ፣ ከዚያ ሌላ የሚልክ ከሆነ፣ በማንኛውም ቅጽበት የሚሠራው አንድ ዲስክ ብቻ ነው። ሬይድ 0 በአራት ዲስክ ላይ ሆኖ እንኳ በተበታተነ ንባብ ያንኑ 80 ያሳያል። ክሪስታልዲስክማርክ ላይ «ኪው 1» እና «ኪው 32» ተብለው የተጻፉት መስመሮች ይህን ነው የሚለዩት፤ 32 ጥያቄ በአንድ ጊዜ ሲሰለፍ አራቱም ዲስኮች ሥራ ያገኛሉ። በሊኑክስ ሬይድ 1 ላይም ሰዎች ይደነግጣሉ፤ አንድ ፋይል በተከታታይ ሲነበብ በአመዛኙ ከአንዱ ዲስክ ስለሚነበብ፣ ሁለት ዲስክ ቢኖርም ፍጥነቱ እጥፍ አይሆንም። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት ፋይል ሲያነብ ግን ጥቅሙ ይታያል።

ታዲያ የእናንተ ሥራ የትኛው ነው? በዚህ አዳራሽ ብዙ የቪዲዮ ኤዲተሮች ስላላችሁ የእናንተን ልውሰድ። ሦስት ካሜራ፣ እያንዳንዱ በሰከንድ 100 ሜጋቢት እየቀረጸ፣ በኤዲቲንጉ ላይ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ሲታዩ በሰከንድ 37.5 ሜጋባይት ብቻ ነው የሚነበበው። ይህን አንድ ደህና ሃርድ ዲስክ ይሸከመዋል። ሆኖም ምስሉ ሲንቀራፈፍ ብዙዎቻችሁ የምትሮጡት ዲስክ ለመግዛት ነው። ከመግዛታችሁ በፊት፣ ምስሉ በሚንቀራፈፍበት ሰዓት በዊንዶውስ ታስክ ማኔጀርን፣ በሊኑክስ አይኦስታትን ክፈቱ። ዲስኩ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈትቶ ፕሮሰሰሩ ወይም የግራፊክስ ካርዱ 100 በመቶ ላይ ከሆነ፣ ጥፋቱ የዲስኩ አይደለም፤ ሬይድ ምንም አይለውጥላችሁም። ይህን አጥብቄ የምናገረው፣ ወጣቶች ለፍተው ያጠራቀሙትን ገንዘብ ምንም በማይጠቅማቸው ዲስክ ላይ ሲያወጡ ማየት ስለሚያሳዝነኝ ነው። በሌላ በኩል፣ ሥራችሁ ብዙ ሺህ ትንንሽ ፎቶዎችን መክፈትና ማውጫ መገንባት ከሆነ፣ ወይም ኮምፒውተራችሁ ላይ ዳታቤዝ የሚሠራ ከሆነ፣ አራት ሃርድ ዲስክ ከማሰለፍ አንድ ኤስኤስዲ ይበልጣል። ኤስኤስዲ የሚዞር ነገር ስለሌለው የተበታተነ ጥያቄ በሰከንድ በብዙ ሺህ ይመልሳል።

አሁን ስለ ማወዳደር። ሁለት አሠራሮችን ስታወዳድሩ በመካከላቸው የሚለየው አንድ ነገር ብቻ ይሁን። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሳናውቀው የሚለዩ ነገሮች ብዙ ናቸው።

ሃርድ ዲስክ በውጨኛው ጠርዙ ላይ ፈጣን ነው፤ በውስጠኛው ወደ ግማሽ ይወርዳል። ባዶ ዲስክ መጀመሪያ የሚሞላው አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ ነው። ስለዚህ አዲስና ባዶ የሆነውን ሬይድ፣ ለዓመታት ሲሞላ ከኖረው አሮጌ ሬይድ ጋር ብታወዳድሩ፣ ልዩነቱ የሬይዱ ዓይነት ላይሆን ይችላል። ኤስኤስዲም ከካርቶኑ እንደወጣ የሚሰጠው ፍጥነት ሲሞላና ብዙ ሲጻፍበት ከሚሰጠው ይለያል።

ሬይድ 5 በሊኑክስ እንደሠራችሁ ወዲያው አትለኩ። ሥርዓቱ ከኋላ ሆኖ ፓሪቲውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እየገነባ ነው፤ ይህ በትልልቅ ዲስኮች ላይ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ኤምዲስታት የተባለውን ፋይል ስታነቡ ስንት በመቶ እንደደረሰ ይነግራችኋል። ካለቀ በኋላ ኤክስት 4 ፎርማት ስታደርጉም የፋይል ሥርዓቱ ራሱ የቀረውን ዝግጅት ከኋላ ይጨርሳል። የዲስኩ መብራት ሥራ ሳትሰጡት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ፣ ለመለካት ጊዜው አልደረሰም።

አንድ ጊዜ ለክታችሁም አትተዉት። ደጋግማችሁ ለኩ፤ በዝቅተኛውና በከፍተኛው መካከል ያለውን ስፋት ጻፉ። አንዱ ሬይድ ከሌላው በ5 በመቶ ቢበልጥና፣ ራሱ ከራሱ ጋር በ10 በመቶ የሚለያይ ከሆነ፣ ምንም አልለያችሁም። አማካይ ቁጥርም ብዙ ይሸፍናል። ፊዮ ከመቶ ጥያቄ 99ኙ በስንት ሚሊሰከንድ ውስጥ እንደተመለሱ ያሳያችኋል፤ ሥራ ላይ ሳላችሁ ኮምፒውተሩ «ቆመብኝ» የምትሉት በቀረችው አንዲት ጥያቄ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ፊዮን በፋይል ላይ ሳይሆን በራሱ በዲስኩ ስም ላይ የጽሕፈት ሙከራ ካዘዛችሁት፣ ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ያጠፋል። ይቅርታ የለውም። የደንበኛ ሥራ ያለበት ዲስክ ላይ ፋይል ፈጥራችሁ በእሱ ላይ ብቻ ለኩ።

ስለ መብራትም ልናገር፤ በእኛ አገር ይህን መዝለል አይቻልም። ዲስኮች ካሽ የሚባል የራሳቸው ጊዜያዊ መቀበያ አላቸው፤ ዳታው ገና ካሹ ላይ ሳለ ተጽፏል ሊሉ ይችላሉ። ይህን የምታውቁበት ስሌት አሁን በእጃችሁ ነው። 7200 የሚዞረው ዲስክ በሰከንድ 120 ዙር አለው። አንድን ቦታ ደጋግሞ፣ እያንዳንዱን ጽሕፈት በኤፍሲንክ እያረጋገጠ የሚጽፍ አንድ ፕሮግራም በሰከንድ ከ120 ብዙም ሊያልፍ አይችልም። መለኪያችሁ በሺህ የሚቆጠር ካሳየ፣ አንድ ቦታ ላይ ሳይጻፍ ተጽፏል እየተባለ ነው። መብራት በጠፋ ጊዜ ያ ዳታ የለም። በሬይድ 5 ላይ ደግሞ ዳታው ተጽፎ ፓሪቲው ሳይጻፍ መብራት ከሄደ ሁለቱ ሳይስማሙ ይቀራሉ፤ ጥፋቱ የሚታወቀው ዲስክ በሞተ ቀን ነው። ስለዚህ ካሹ በርቶና ካሹ ጠፍቶ ሁለቱንም ለኩ፤ ዩፒኤስ ሳይኖራችሁ በመጀመሪያው ቁጥር አትመኩ።

የመጨረሻው ነጥቤ አንድ ዲስክ ስለሞተበት ቀን ነው። ሬይድ የምንገዛው ለዚያ ቀን ሆኖ ሳለ፣ የምንለካው ሁልጊዜ ጤነኛ ሳለ ነው።

ሬይድ 5 አንድ ዲስክ ሲያጣ፣ የጠፋውን ቁራጭ ለማንበብ የቀሩትን ሁሉ አንብቦ ያሰላል። አዲስ ዲስክ ስትሰጡት ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሞላዋል። 4 ቴራባይት በአማካይ በሰከንድ 150 ሜጋባይት ቢሞላ፣ 7 ሰዓት ከግማሽ ገደማ ነው፤ ያውም ማንም ኮምፒውተሩን ሳይነካ። እየሠራችሁበት ከሆነ ሊኑክስ ለእናንተ ቅድሚያ ይሰጥና መልሶ ግንባታውን ያዘገየዋል። በተለመደው አቀማመጥ ዝቅተኛው ፍጥነት በሰከንድ 1000 ኪሎባይት ነው። በዚህ ፍጥነት 4 ቴራባይት ከ45 ቀን በላይ ይፈጃል። በእነዚያ ቀናት ሌላ ዲስክ ቢሞት ሁሉም ይጠፋል። ዝቅተኛውን ቁጥር ከፍ ማድረግ ትችላላችሁ፤ ያኔ ሥራችሁ ይቀዘቅዛል። ስንት ላይ ብታደርጉት ሥራችሁን እየሠራችሁ በአንድ ሌሊት እንደሚያልቅ የሚነግራችሁ መለካት ብቻ ነው።

የዲስኩ ዓይነትም እዚህ ላይ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2020 ዌስተርን ዲጂታል «ሬድ» ብሎ በሚሸጣቸው ከ2 እስከ 6 ቴራባይት ባሉ አንዳንድ ዲስኮቹ ላይ ኤስኤምአር የተባለውን አጻጻፍ መጠቀሙን አምኗል። በዚህ አጻጻፍ መስመሮቹ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ በከፊል ስለሚደራረቡ፣ አንዱን መስመር ለመቀየር ጎረቤቶቹንም መልሶ መጻፍ ያስፈልጋል። በአጭር ሙከራ እንዲህ ያለ ዲስክ ከሌሎች አይለይም፤ ለሰዓታት ያለማቋረጥ ሲጻፍበት ነው የሚወድቀው። መልሶ ግንባታ ማለት ደግሞ ለሰዓታት ያለማቋረጥ መጻፍ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት የሞዴሉን ቁጥር ይዛችሁ ከአምራቹ ዝርዝር ላይ አረጋግጡ።

እንግዲህ ሬይዱን ሠርታችሁ፣ ጤነኛ ሳለ ለክታችሁ፣ የደንበኛ ሥራ ከማስገባታችሁ በፊት፣ አንዱን ዲስክ ንቀሉ። ጎድሎ እያለ እንደገና ለኩ። መልሳችሁ ሰክታችሁ፣ እየገነባ ሳለም ለኩ፤ ስንት ሰዓት እንደፈጀም ጻፉ። በወረቀቱ ላይ የራሙን መጠን፣ የፋይሉን መጠን፣ የወረፋውን ብዛት፣ ዲስኩ ስንት በመቶ እንደተሞላ፣ ካሹ መብራቱንና መጥፋቱን ከቁጥሩ ጎን አስፍሩ፤ ወረቀቱን ኬዙ ላይ ለጥፉት።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ አራት ዲስክ ያለው ኮምፒውተር አለ፤ ምንም የሚጠፋ ዳታ የለበትም። ራሙ 8 ጊጋባይት ስለሆነ 20 ጊጋባይት ፋይል አዘጋጅተናል። ፈቃደኛ የሆናችሁ ወደ ፊት ኑ፤ መጀመሪያ አራቱንም ለየብቻ እንለካለን።